ሁለት ገመድ ሰክተን ፍጥነቱ ለምን እጥፍ አልሆነም?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ሦስት ኤዲተሮች ያለንበት ትንሽ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ አለን። ባለ አራት ዲስክ ናስ (ሁላችንም በኔትወርክ የምንገባበት የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን) ገዝተን አራት ባለ 8 ቴራ ሃርድ ዲስክ በሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢሞት ፋይሉ በማይጠፋበት አደረጃጀት) አስገባንበት። ሁለት ባለ 1 ጊጋ ፖርት ስላለው ሁለቱንም ስዊቹ (ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ሰክተን ሴቲንግ ውስጥ አጣመርናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራ ደህና ነው፣ ሦስታችንም ስንገባ ግን ታይምላይኑ ይንቀጠቀጣል። ኮፒ ስናደርግ በሰከንድ ከ110 ሜጋባይት አያልፍም፣ አንደኛው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ጭራሽ 11 ነው የሚያሳየው። የምንቀርፀው በሦስት ሶኒ ኤ7ኤስ 3፣ በ4ኬ፣ በ25 ፍሬም፣ በኤክስኤቪሲ ኤስ-አይ ፎርማት ነው። ሻጩ ኤስኤስዲ ካሽ (ናሱ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን ፋይል የሚያቆይበት ፈጣን ዲስክ) ጨምሩበት ይለናል። እንጨምር?»

ወንድሜ፣ አትጨምር። ቢያንስ ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ብሩ ኪስህ ይቆይ።

ብዙ ሰው «ናሴ ቀርፋፋ ነው» ብሎ ብቻ ይጽፍና እኔ ሃያ ጥያቄ መልሼ ስጠይቀው ይሰለቻል። አንተ ሁለት ቁጥር ሰጥተኸኛል፣ 110 እና 11። ተባረክ። 110 ሲባል ባለ 1 ጊጋ መስመር ሞልቷል ማለት ነው። 11 ሲባል ደግሞ መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል። የዲስክ ችግር ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ይዋዥቅ ነበር፣ አንዴ 100፣ አንዴ 40፣ አንዴ 7። ቁጥሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከቆመ የኔትወርክ ነገር ነው።

ቢትና ባይት ብዙ ሰው ያምታታል፣ ስለዚህ ቶሎ ልበለውና ልለፍ። ኔትወርክ የሚለካው በቢት ነው፣ ኮምፒውተርህ ኮፒ ሲያደርግ የሚያሳይህ በባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። 1 ጊጋቢት 1000 ሜጋቢት ነው፣ ለስምንት ሲካፈል 125 ሜጋባይት። ከዚያ ላይ መስመሩ ራሱ ለአድራሻና ለቁጥጥር የሚወስደው አለ፣ የደላላ ኮሚሽን በለው፣ እና እጅህ የሚገባው ከ110 እስከ 118 ነው። ስለዚህ ናስህ አልታመመም። የተሸጠልህን ያህል እየሠራ ነው።

ከ11ዱ እንጀምር፣ እሱ በነፃ ሊስተካከል ይችላል።

ባለ 1 ጊጋ ኢተርኔት ኬብሉ ውስጥ ያሉትን ስምንቱንም ሽቦዎች ይፈልጋል። ባለ 100 ሜጋቢቱ ግን አራቱ ይበቁታል። ስለዚህ ከቀሩት አራቱ አንዷ ከተበጠሰች ወይም ጃኩ ውስጥ በደንብ ካልነካች መሣሪያዎቹ ተነጋግረው ወደ 100 ይወርዳሉ። ማንም አይነግርህም። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ማን ይጠረጥራል?

አንድ ጊዜ ሃያ ሁለት አካባቢ ካለ ስቱዲዮ ለዚሁ ጉዳይ ተጠርቼ ሄድኩ። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ዊንዶውሱን ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጓል። ጠረጴዛ ሥር ገባሁና ኬብሉን በጣቴ ይዤ ከግድግዳው ጀምሬ ተከተልኩት። ወንበሩ ጋ ስደርስ ጠፍጣፋ ሆነብኝ፣ በመኪና ተረግጦ እንደከረመ የኮካ ክዳን። የሚሽከረከረው ወንበር ጎማ ለወራት ሲመላለስበት ኖሯል። ሌላ ኬብል ሰካን፣ ኮምፒውተሩ ወዲያው 1000 አለ። ልጁ ወንበሩን ያየበት ዓይን እስካሁን ያስቀኛል።

አንተም ያንን ኮምፒውተር እንዲህ ፈትሸው። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ፣ ከዚያ ኢተርኔት ስትገባ የሊንኩ ፍጥነት ተጽፏል፤ 100/100 ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። ማክ ከሆነ የኢተርኔቱ ዝርዝር ውስጥ ሃርድዌር የሚለው ጋ ታገኘዋለህ። ከዚያ 1000 ከሚያሳየው ኮምፒውተር ላይ ኬብሉን ነቅለህ እሱ ላይ ሰካ። ከተስተካከለ ኬብሉ ነው። ካልተስተካከለ የስዊቹን ፖርት ቀይር። አሁንም 100 ከሆነ ኮምፒውተሩን በምን በኩል እንደሰካኸው ተመልከት፦ ከኢንተርኔቱ ጋር በመጣው ሳጥን በኩል ካለፈ ከእነዚያ ሳጥኖች አንዳንዶቹ ፖርታቸው ራሱ 100 ብቻ ነው። ከናሱ ጋር የሚነጋገር ኮምፒውተር ሁሉ ስዊቹ ላይ ይሰካ፣ ሳጥኑ ስዊቹን በአንዲት ኬብል ይንካው፣ አለቀ። ደግሞ አንድ ነገር፦ የኢንተርኔት ፓኬጅ ማሳደግ ለናሱ ምንም አይፈይድም። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ እንኳ ናሱ ሥራውን አያቆምም። ፓኬጅ አሳድጎ «ምንም አልተለወጠም» ብሎ የደወለልኝ ሰው አለ።

አዲስ ኬብል ስትገዛ ላዩ ላይ ካት 6 (የኬብል ደረጃ ነው) ተብሎ ስለታተመ ብቻ አትመን። ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ በመዳብ የተቀባ ብዙ አለ። ጫፉን ላጥና አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጋት። ከሥር ብርማ ነገር ከታየህ መልሰው። ተፍቆም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። (ናስ ናስ እያልኩ የማወራውም ሳጥኑን እንጂ ብረቱን አይደለም። ኬብሉ ግን የግድ መዳብ ይሁን።)

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሁለት ፖርት አጣምረህ ለምን 220 አላየህም?

ከመገናኛ ወደ ቦሌ አንድ ሚኒባስ ብቻ ነበር እንበል፣ ሁለተኛ ተጨመረ። ሰልፉ ይቀንሳል፣ ብዙ ሰው ይሄዳል። አንተ ግን ቶሎ አትደርስም፣ ምክንያቱም በአንዱ እንጂ በሁለቱም አትሳፈርም። ፖርት ማጣመር እንዲህ ነው። አንድ ኮምፒውተር ከናሱ ጋር የሚያደርገው ግንኙነት በአንደኛው ገመድ ብቻ ያልፋል። ሁለተኛው ለሌላ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ኮፒ ሲያደርግ የሚያየው ጣሪያ ያው 110 ነው፣ አራት ፖርት ብታጣምርም 110።

ሌላም ጣጣ አለው። ማን በየትኛው ገመድ እንደሚሄድ የሚወሰነው በኮምፒውተሮቹ አድራሻ ነው እንጂ መስመሩ ሞልቷል አልሞላም ተብሎ አይታይም። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች አንድ ገመድ ላይ ታጭቀው ሦስተኛው ብቻውን ተዘርግቶ ሊሄድ ይችላል። «የእሱ ይፈጥናል፣ የእኔ ይቆማል» የሚል ንትርክ ካላችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ አንድ መንገድ አለ፣ ኤስኤምቢ መልቲቻነል ይባላል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አለ። አንዱን ፋይል በሁለት ገመድ ከፋፍሎ ያስተላልፋል። ግን የኔትወርክ ፖርት በናሱም በኮምፒውተሩም በኩል ሁለት ሁለት ሊኖር ይገባል፣ ናሱም ሊደግፈው ይገባል፣ የናሱን ፖርቶችም ከማጣመር መፍታት አለብህ። ለአንድ ኮምፒውተር ጥሩ ዘዴ ነው። ለሦስት ኮምፒውተር ከሆነ ግን ካርድና ኬብል ስትገዛ የምታወጣው ብር ወደ ተሻለው መንገድ ግማሽ ያደርስሃል፣ እና እኔ አልለፋበትም።

እስቲ አሁን የእናንተን ፉቴጅ እንቁጠር። ካሜራችሁ በኤክስኤቪሲ ኤስ-አይ 4ኬ 25 ፍሬም ሲቀርፅ በሰከንድ 250 ሜጋቢት ይጽፋል። ለስምንት ሲካፈል 31 ሜጋባይት ግድም። ሦስት ካሜራ መልቲካም አድርገህ ስታጫውት ሦስቱም አንድ ላይ ይነበባሉ፣ 94 ሜጋባይት። አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራ ደህና የሆነው ለዚህ ነው፣ 94 ከ110 በታች ናት። በጭንቅ። ሦስታችሁም መልቲካም ስትከፍቱ 281 ትፈልጋላችሁ። ሁለቱ ፖርቶች ተደምረው፣ ዕድል ቀንቷችሁ ሥራው እኩል ቢከፈል እንኳ፣ 220 ናቸው። ሦስት ሰው ለሁለት ገመድ ደግሞ እኩል አይከፈልም።

እዚህ ጋ ካሽ፣ ዲስክ፣ ራም፣ ምንም ጣልቃ አይገባም። የማካፈልና የማባዛት ነገር ነው።

ለስሎው ሞሽን ብላችሁ በዚያው ፎርማት 50 ፍሬም የምትቀርፁ ከሆነ 500 ሜጋቢት ይሆናል፣ ሁሉም በእጥፍ፣ እና ያኔ አንድ ሰው ብቻውን እንኳ ሦስት ካሜራ አያጫውትም። «ፉቴጁን መጀመሪያ ወደ ፕሮሬስ (የአፕል የኤዲቲንግ ፎርማት) ለውጡት» የሚል ምክርም ሰምታችሁ ይሆናል። ለፕሮሰሰር ጥሩ ነው፣ ለኔትወርክ ግን ጠላት ነው፦ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው በ4ኬ 25 ፍሬም 737 ሜጋቢት ገደማ ነው፣ አንዲት ክሊፕ ብቻዋን 92 ሜጋባይት። አንድ ሰው፣ አንድ ካሜራ፣ መስመሩ አለቀ። በተቃራኒው ያው ካሜራ በተራው ኤክስኤቪሲ ኤስ በ100 ሜጋቢት ሲቀርፅ ኔትወርኩ ላይ በጣም ቀላል ነው፣ 12 ተኩል ሜጋባይት ቢሆን ነው፣ ግን ፍሬሞቹ እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ ፕሮሰሰሩን ያስጨንቃል። ብዙ ጊዜ «ናሱ አላስሠራ አለኝ» የሚባለው የዚህ ዓይነቱ ነው። ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ ዲስክ ገልብጠህ ያንኑ ታይምላይን አጫውት። እዚያም ከተንቀጠቀጠ ናሱን ተወው፣ ንፁህ ነው።

ስለ ኤስኤስዲ ካሹ። ሻጩን ውሸታም አልልም፣ ካሽ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፦ ያው ትንንሽ ፋይል ደጋግሞ ሲነበብ፣ ብዙ ሺህ ፎቶ ሲገለጥ፣ ዳታቤዝ ሲኖር። ቪዲዮ ግን ረጅም ፋይል ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተከታታይ ነው የሚነበበው። አንዳንድ ናሶች እንዲህ ያለውን ንባብ ሆን ብለው በካሹ አያሳልፉትም፣ ፋብሪካ የወጡት እንዲያ ሆነው ነው። ደግሞስ ቢያሳልፉት? ኤስኤስዲው በሰከንድ 3000 ሜጋባይት ቢያነብ መውጫው 110 ነው። የጀሪካኑን አንገት ትተህ ሆዱን ብታሰፋው ውኃው ቶሎ አይቀዳም። ካሽህን አውጥተህ ካሽ ትገዛና ያው ባለህበት ትሄዳለህ።

ኤስኤስዲ መግዛት ካማረህ በየኮምፒውተሩ አስገባውና የፕሪሚየርን ሚዲያ ካሽ ወይም የዳቪንቺ ሪዞልቭን ካሽ ወደ እሱ አዙር። ይህ ካሽ ናሱ ላይ ተቀምጦ ያየሁበት ስቱዲዮ ብዙ ነው። ሦስት ኮምፒውተር የድምፅ ሞገድና ጊዜያዊ ፋይል ሲጽፍበትና ሲያነብበት ይውላል፣ ፉቴጁ ደግሞ በዚያው ጠባብ በር ይጋፋል። ይህን ብቻ አስተካክላችሁ ልዩነት ታያላችሁ።

አሁን ነፃው መፍትሔ። ፕሮክሲ፣ ማለትም ለመቁረጥ ብቻ የሚሠራ ቀለል ያለ የፉቴጁ ቅጂ።

አውቃለሁ፣ ፊትህን አጨማደድክ። እኛ አገር ፕሮክሲ የደካማ ኮምፒውተር መጠጊያ ተደርጎ ነው የሚታየው፣ «እኔ ኦሪጅናሉን ነው የምቆርጠው» ማለት እንደ ጉብዝና ይቆጠራል። ቁጥሩን ግን ተመልከት። ፕሮሬስ ፕሮክሲ በ1080 በ25 ፍሬም 38 ሜጋቢት ነው፣ 5 ሜጋባይት አይሞላም። ሦስት ካሜራ 15 ሜጋባይት። ሦስት ኤዲተር 45። አሁን ባላችሁት ናስ፣ ከሁለቱ ገመድ አንዱ ብቻ እየሠራ፣ ከግማሽ በታች ነው። ምንም ሳትገዙ።

ሪዞልቭ ከሥሪት 18፣ ማለትም ከ2022 ጀምሮ፣ ፕሮክሲ የሚሠራ ለብቻው የሆነ ትንሽ ፕሮግራም ይዞ ይመጣል። ፎልደር ታሳየዋለህ፣ ማታ ከፍተህለት ትሄዳለህ፣ ጠዋት አልቆ ታገኘዋለህ። ፕሪሚየርም ኢንጀስት ስታደርግ አብሮ ይሠራልሃል። እንዲያውም ኤ7ኤስ 3 እየቀረፀ ጎን ለጎን ፕሮክሲ መቅዳት ይችላል፣ ሜኑው ውስጥ አለ፣ ብዙ ሰው ከፍቶት አያውቅም። አንድ ሰዓት ፕሮሬስ ፕሮክሲ 17 ጊጋ ያህል ነው። አራት ሰዓት የተቀረፀ የሦስት ካሜራ ሰርግ 205 ጊጋ ይሆናል፣ በኪስ በሚያዝ ኤስኤስዲ ላይ ገልብጦ ቤት ወስዶ መቁረጥ ይቻላል ማለት ነው። የመጨረሻው ኤክስፖርትና ከለር ከኦሪጅናሉ ይሠራል፣ እሱን ሦስታችሁም በአንድ ጊዜ አታደርጉትም። ካደረጋችሁትም ይዘገያል እንጂ አይንቀጠቀጥም።

ፕሮክሲ የማያስተካክለው ነገር ኮፒ ነው። አንድ ሰርግ 600 ጊጋ ቢሆን ወደ ናሱ ለመገልበጥ በ110 አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ በተበላሸው ኮምፒውተር በኩል ከገለበጣችሁት አሥራ አምስት ሰዓት! (ካርድ የሚገለብጠው ልጅ ያለው በእሱ ላይ እንዳይሆን ብቻ።) በ280 ቢሆን 36 ደቂቃ። በወቅቱ፣ ጥር ላይ ቅዳሜና እሁድ ሁለት ሁለት ሰርግ ሲደራረብ፣ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ቀስ በቀስ ወደ ሰፋ መስመር መሄዳችሁ አይቀርም።

ባለ 2.5 ጊጋ መስመር የወጣው በ2016 ነው፣ እና የሚወደድለት ነገሩ ግድግዳህ ውስጥ የተቀበረውን ካት 5ኢ ሳትነካው እስከ 100 ሜትር መሥራቱ ነው። በተግባር 280 ሜጋባይት ግድም ይሰጣል። ባለ 10 ጊጋው በመዳብ ኬብል ላይ ከ2006 ጀምሮ አለ፣ ከ1 ጊጋባይት በላይ ይሰጣል፣ ግን ካት 6 ላይ 55 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፣ 100 ሜትር ለመድረስ ካት 6ኤ ይፈልጋል። ለአንድ ክፍል ስቱዲዮ ርቀቱ አያሳስብም።

የርካሽ ናስ ሠሪዎች ለምን ያን ያህል ጊዜ 1 ጊጋ ላይ እንደቆዩ ትጠይቀኝ ይሆናል። የእኔ ግምት ቴክኒክ አይደለም፣ ንግድ ነው። አብዛኛው ገዢ ፎቶና ባካፕ የሚያስቀምጥ የቤት ሰው ነው፣ 1 ጊጋ ይበቃዋል። ፖርቱ ደግሞ ርካሹን ከውዱ ከሚለዩት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ብዙ ርካሽ ማዘርቦርዶች እንኳ 2.5 ጊጋ ይዘው መምጣት ከጀመሩ ቆይቷል፣ ቺፑ ውድ ሆኖ አይደለም።

ስለዚህ ናስ ስትገዛ ስንት ዲስክ ይይዛል ከማለትህ በፊት ገልብጠህ ጀርባውን እይ። የሲኖሎጂ ዲኤስ920 ፕላስና ዲኤስ423 ፕላስ ሁለት ባለ 1 ጊጋ ብቻ ናቸው፣ ካርድ ማስገቢያም የላቸውም። ዲኤስ923 ፕላስ በባለ 1 ጊጋ ቢመጣም ትንሽ ባለ 10 ጊጋ ካርድ የሚገባበት ቦታ አለው። በ2025 የወጣው ዲኤስ925 ፕላስ ሁለት ባለ 2.5 ሰጠና ያንን ቦታ ወሰደው። የኪውናፕ ቲኤስ-464 ሁለት ባለ 2.5 አለው፣ የካርድ ማስገቢያም አለው። የዩግሪን ዲኤክስፒ4800 ፕላስ አንድ ባለ 10ና አንድ ባለ 2.5 ይዞ ነው የሚመጣው። ዋጋቸውን አልጽፍም፣ ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ የጻፍኩት ዋጋ ሁሉ መሳቂያ አድርጎኛል።

የአንተ ናስ ካርድ የሚገባበት ቦታ ካለው ሌላ ሳጥን አትግዛ፣ ካርዱን ብቻ ግዛ። ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ባለ 2.5 ጊጋ አስማሚ አለ፣ ግን አምራቹ የማይደግፈው ከሆነ ሌሎች ሰዎች የጻፉትን ድራይቨር መጫን ይጠይቃል፣ ናሱ ሲስተሙን ባደሰ ቁጥርም ሊጠፋብህ ይችላል። ለቤት ሞክረው። የሰው ሰርግ ለያዘ ናስ አልመክርም። ለኮምፒውተሮቹ ግን ይኸው አስማሚ ጥሩ ነው፣ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ መሰካቱን ብቻ አረጋግጥ፣ የድሮው ዩኤስቢ 2 ላይ ከሰካኸው 40 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፣ ካለህበትም ትወርዳለህ።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ብር ሲኖር የማደርገው ይህን ነው። አራት ወይም ከዚያ በላይ ባለ 2.5 ጊጋ ፖርትና ሁለት ባለ 10 ጊጋ ኤስኤፍፒ ፕላስ የሚባል ቀዳዳ ያላት ትንሽ ስዊች አለች፣ ከቻይና በብዙ ስም ትመጣለች። ናሱ በባለ 10ው ይገባል፣ ሦስቱ ኮምፒውተሮች በባለ 2.5። ለእያንዳንዱ ኤዲተር 94 ነው የሚያስፈልገው፣ 280 አለው፣ እፎይ ብሎ ይሠራል። ናሱ 281 እንዲያወጣ ይጠየቃል፣ በሩ ከ1000 በላይ ነው። ናሱም ባለ አንድ 2.5 ቢሆን ግን 281 ከ280፣ በጥፍሩ ነው የሚቆመው፣ ትንሽ ነገር ሲደረብ ይንቀጠቀጣል። እኔ በልምድ ከአንድ መስመር ሰባ በመቶውን ብቻ ነው የምቆጥረው።

ከዚያ በኋላ ጣሪያው ወደ ዲስኮቹ ይዞራል፣ ይህንን ከወዲሁ እወቀው። አንድ ጤነኛ ባለ 7200 ዙር ዲስክ ረጅም ፋይል ሲያነብ ከ150 እስከ 250 ሜጋባይት ይሰጣል፣ አራቱ በሬይድ 5 ተደምረው ከ400 በላይ ሊወጣቸው ይችላል። ሦስት ሰው ዘጠኝ ፋይል ሲያስነብባቸው ግን የዲስኩ ማንበቢያ መርፌ ከወዲያ ወዲህ እየሮጠች ጊዜ ታባክናለች፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ዲስኩ በሞላ ቁጥርም ይዘገያል፣ የውስጠኛው ክብ ላይ ፍጥነቱ ከውጪኛው ግማሽ አካባቢ ነው። ስለዚህ ያለቀ ሰርግ ናሱ ላይ አይክረም፣ ወደ ሌላ ዲስክ አውጡት። አዲስ ዲስክ ስትገዙም ኤስኤምአር የሚባለውን ዓይነት ራቁ፣ ረጅም ጽሑፍ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ከ2 እስከ 6 ቴራ ያሉ አንዳንድ የሬድ ዲስኮቹ ይህን ዓይነት መሆናቸውን ሳይናገር ሲሸጥ ቆይቶ ብዙ ጩኸት ተነስቶ ነበር።

እጅህ ከሥራ የማይሸሽ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። አሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ፣ ኮምፒውተርን ናስ የሚያደርገው ነፃው ትሩናስ፣ እና ያገለገለ ባለ 10 ጊጋ ካርድ፣ ለምሳሌ ኢንቴል ኤክስ520። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ካርዱ በጃኬት ኪስ ይገባል። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ፦ ረጅሙን የካርድ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ እና የሰርቨር ካርድ ስለሆነ ንፋስ ለምዷል፣ ተራ ኬዝ ውስጥ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። ትንሽ ፋን አስረህ ወደ እሱ አዙርለት።

ከለር የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ ስዊችም አያስፈልግም። ናሱም ኮምፒውተሩም ፈጣን ፖርት ካላቸው በአንድ ኬብል ፊት ለፊት አገናኛቸው፣ አንዱን 10.10.10.1 ሌላውን 10.10.10.2 በላቸው፣ ናሱን በዚያ አድራሻ ክፈተው። ኢንተርኔቱ በሌላው ፖርት ይቀጥላል። የሚገርመው ይህንን ለማድረግ ሰው ሁሉ ይፈራል፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ማንኛውንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ግን ለካ። አይፐርፍ3 (iperf3) የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ትቶ ኔትወርኩን ብቻ ይለካል። 940 ሜጋቢት ግድም ካሳየህ ባለ 1 ጊጋው መስመርህ ጤነኛ ነው። ከዚያ በአንድ ትልቅ ፋይል ኮፒ ሞክር፣ በአሥር ሺህ ፎቶ አይደለም፣ ትንንሽ ፋይል በማንኛውም መስመር ይንቀራፈፋል። ኔትወርኩ 940 ብሎ ኮፒው 50 ከሆነ ዲስክ ወይም የናሱ ፕሮሰሰር ነው። ጃምቦ ፍሬም (ኔትወርኩ ዳታውን በትልልቅ እሽግ እንዲልክ የሚያደርግ ሴቲንግ) አብሩ የሚላችሁ ካለ ለመጨረሻ አቆዩት፣ ትርፉ ትንሽ ነው፣ አንዱ መሣሪያ ካልተስማማ ደግሞ ቀን ሙሉ ያሯሩጣል። በዋይፋይ ስለመቁረጥ ምንም አልልም።

መብራት። ናሱ ዩፒኤስ ከሌለው ይህን ሁሉ ትተህ መጀመሪያ እሱን ግዛ። በዩኤስቢ ከናሱ ጋር የሚነጋገር ዓይነት ይሁን፣ መብራት ሲሄድ ናሱ ራሱ በሥርዓት ይዘጋል። ሬይድ 5 እየጻፈ እያለ መብራት ድርግም ካለ የሚሆነውን አንድ ጊዜ አይቻለሁ፣ ሙሽሮቹ ድረስ ነው የደረሰው። እና ሬይድ ባካፕ አይደለም፣ የእያንዳንዱ ሰርግ ሁለተኛ ቅጂ ከናሱ ውጪ ይኑር።

ዛሬ ማታ የዚያን ኮምፒውተር ኬብል ከግድግዳው ጀምረህ በጣትህ ተከተለው። ከዚያ የሦስቱንም ኮምፒውተር የሊንክ ፍጥነትና የናሱን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ጻፍልኝ፣ ካርድ ይቀበል አይቀበል እነግርሃለሁ።